የሃግን ኮት ቁልፎች

የእናቴ ልጅ፣ የምሳሳልህ ወንድሜ ኤሚል፤

ከዚያ ከኦሪገን ጫካ ጤናህ እንዴት ነው? ግንድ ስታንከባልል የቆሰለው እጅህስ ዳነልህ? እህል ይስማማሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማማ ብቻ እስካሁን ወንበርህ ላይ ሰው አታስቀምጥም።

ሙስካቲን ያው ናት። ሚሲሲፒ ዘንድሮም ሞልቶ የዳሩን መንገድ አጥቦ ሄደ፤ ቁልፍ ተቆርጦ የወጣበት የዛጎል ትራፊም በየጓሮው ተከምሮ ይሸታል። ያ ጀርመናዊ ቁልፍ ሠሪ ወንዝ ውስጥ ሲታጠብ ዛጎል እግሩን ቆርጦት ያንኑ ዛጎል ቁልፍ አደረገው ከተባለ ወዲህ፣ ስንቱ አገር ሸሚዙን በእኛ ቁልፍ ይቆልፋል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ግን ኮቱን የሚቆልፍበት ያጣ አንድ ሰው አለ።

አለቃህ የነበረው ሃግን ነው። በአድማው ጊዜ የፋብሪካውን መስኮት ኤሚል ሲሰብር አየሁ ብሎ በሐሰት ማለብህ፤ ፋብሪካው ሁሉ በሩን ዘጋብህና ተሰደድክ። እኔ አልረሳሁም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልብሱን የሚጠግኑለት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። በየቤቱ ዞሬ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ የኮቱ ቁልፍ ሲረግፍ እንዳትተክሉለት አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ለገበያ የሚሄደውን ቁልፍ ካርቶን ላይ ስንሰፋ የምንውል ሴቶች ሁሉ ተስማማን። ልብስ ሰፊው ሽሚት እንኳ ሚስቱን ፈርቶ "ክር አልቆብኛል" አለው።

በነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ ኮቱ እንዳይከፈት ደረቱ ላይ በእጁ ጨብጦ አለፈ። ለባንዲራው ባርኔጣውን ሲያነሳ ኮቱ ተበረገደና ሆዱ ወጣ። ወይዘሮ ሌንትስ "ሃግን፣ በዚህ ሙቀት ሆድህን ብርድ እንዳይመታህ" ብትለው መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ኮቱንና ስድስት ቁልፎች ይዞ ደጃችን መጣ። "ኦቲሊ፣ እባክሽ፣ ልጄን ልድር ነው" አለኝ። እኔም መስኮቱን ማን እንደሰበረ ጠየቅሁት። "ጨለማ ነበር፤ አላየሁም" አለ። እንግዲያው ይህንኑ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተናገር አልኩት። ወንዝ ውስጥ አፉን የከፈተ ዛጎል የአጥማጁን መንጠቆ ነክሶ እንደሚያዝ ታውቃለህ፤ እሱም በገዛ ንክሻው ተያዘ። እሁድ የፋብሪካው ባለቤት ባለበት ተናገረ፤ ባለቤቱም "ኤሚል ይመለስ" አለ።

ማማ ዓይንህን ትስምሃለች። አክስት ሄድቪግ ሐብሐቡ ሳያልቅ ድረስ ትልሃለች። አብረውህ ለሚያድሩት ግንድ ቆራጮችም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ለሃግን አምስቱን ቁልፍ ተከልኩለት። ሮብ ዕለት ልጁን ሲድር ሆዱ ላይ ያለው ብቻ ክፍት ነበር። ስድስተኛው ቁልፍ ይኸው እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ስትመጣ ትሰጠዋለህ ወይም ወንዝ ትጥለዋለህ፣ እንደ ልብህ።

እህትህ ኦቲሊ
ሙስካቲን፣ አዮዋ
ጁላይ 19 ቀን 1912