ሦስት ጥቅል ነጭ ክር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

አውቶቡስ ይዤ ብሬብሩክ ሄድኩ። የክርና የእጅ ሥራ ሱቅ እዚሁ ኖርዝ ሜልቦርን አቅራቢያም አለ... ግን እዚያ ግማሹ ምዕመን ነው የሚገባው። ብሬብሩክ ማን ያውቀኛል ብዬ።

ማንተግቦሽ ታውቀኛለች! ነጭ ክሩ መደርደሪያ ጋ ቆማ ትዳስሳለች። የዕድራችን ጸሐፊ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረዋ።

«ጋሽ አምሳሉ! ምን እግር ጣለዎት?»

ምን ልበል? እጄ አጠገቡ ያገኘውን ካርቶን አነሳ። የሚገጣጠም የእንጨት አውሮፕላን።

«ይቺን ልገዛ ነው፣ እትዬ ማንተግቦሽ።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጡረታ ደግ ነው» አለች።

ክር ሳልገዛ ተመለስኩ። አውሮፕላን ገዝቼ። በስድሳ ሰባት ዓመቴ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ለምንድነው የምደበቀው? አንደኛ፣ ጓደኛዬ ኃይለማርያም። ላይብረሪ ቁጭ ብለን ጋዜጣ ስናነብ ሹራብ የሚሠራ የፈረንጅ ሽማግሌ ፎቶ አየ። «ይኼስ ቀሚሱን መቼ ነው የሚለብሰው?» አለ። ሳቅሁ። እንዲያውም ከእሱ በላይ ሳቅሁ።

ሁለተኛ... ወንጌላዊት። ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። መታቀፊያ ልሠራላት ነው፣ ዳንቴል፣ በገዛ እጄ። ስሰጣት ግን ገዛሁት እላታለሁ። ምክንያቱም ሠራሁት ካልኩ የት ተማርከው ትለኛለች። የተማርኩት ከርቸሌ ነው፣ በደርግ ጊዜ። ታስሬ እንደነበር አታውቅም። እናቷ ታውቅ ነበር፣ ምስጢሩን ይዛው ሄደች። ነፍሷን ይማር።

ስካኑ ሴት ናት ብሏል። የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። ጊዜ ሞልቷል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የኢንተርኔት ጨረታ ገባሁ፣ ሰው የተረፈውን ዕቃ የሚሸጥበት። እዚያ «ምን እግር ጣለዎት» የሚል የለም። ስምህን ሳይቀር ራስህ ታወጣለህ። ፎርክሊፍት አልኩት። ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት የነዳሁት እሱን፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና ነውና።

ዐሥር ጥቅል ነጭ ክር አገኘሁ። መነሻው ዐሥራ ሁለት ዶላር። መርካቶ አድጌ በተጠራው ዋጋ ልገዛ? ለሻጯ ስምንት ብዬ ጻፍኩላት። «ይቅርታ፣ አይሆንም» አለች። እሺ ብዬ ጥዬ ወጣሁ። ጥለህ ስትሄድ አይደል የሚጠሩህ? ዐሥር እርምጃ ሳትራመድ «ና ወንድሜ፣ ና ውሰድ!»

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አልተጠራሁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ተሸጧል። ብሉሮዝ የሚባል ሰው ነው የወሰደው፣ በዐሥራ ሁለት። ለካ ኢንተርኔት ላይ ጥለህ ከሄድክ፣ ሄድክ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

በመጨረሻ ስድስት ጥቅል አሸነፍኩ። ከዚያ በፊት ብሉሮዝ ሁለቴ ነጥቆኛል። ምን ዓይነት ስግብግብ ነው? ስንት ልጅ ቢኖረው ነው ይህን ሁሉ ክር የሚሰበስበው?

ሊፍት ውስጥ ማንተግቦሽ አገኘችኝ። «ኑሮ ተወደደ፣ ጋሽ አምሳሉ።» «አይ፣ ተዪው እባክዎ» አልኩ፣ ተምታታብኝ። እሷ ምን አለባት፣ ክሯን በአዲሱ ከሱቅ ነው የምትገዛው። «ሰልባጅ ቤቴ አይገባም፣ የማን እጅ እንደነካው ይታወቃል?» ስትል ዕድሩ ሁሉ ሰምቷታል።

«አውሮፕላኑ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«ክንፉ ደርሷል።»

ካርቶኑን እንኳ አልከፈትኩትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ወለደች! ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

ወንድ ነው። ስካኑ ምን ነካው? ታቀፍኩት፣ አለቀስኩ፣ ነርሶቹ ውኃ አመጡልኝ። ትራም ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን ነው! ሐምሌ 6 መሆኑ ነው። ገና ግማሹን አልደረስኩም። አንተ ልጅ፣ ከመወለድህ አርባ ቀን ሰረቅኸኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ክሩ አለቀ። ሦስት ጥቅል ጎደለኝ።

ነጭ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ክር አያውቅም። የጥቅሉ ወረቀት ላይ ቁጥር አለ። አንድ ላይ የተነከረው ክር ሁሉ ቁጥሩ አንድ ነው። በሌላ ቁጥር ብቀጥል ጠርዙ ያልታጠበ ይመስላል። ለልጅ ልጄ ያደፈ ነገር አላለብስም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ግራ ቀኙን አይቼ ብሬብሩክ ሱቅ ገባሁ። ማንተግቦሽ የለችም። ባለሱቋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ወረቀቱን አነበበች። ይህ ቁጥር ካለቀ ቆይቷል አለች። ሳልጠይቃት ሦስት ሌሎች ሱቆች ደወለችልኝ። የለም፣ የለም፣ የለም። ጨረታው እንዲህ ስልክ አይደውልልህም...

«ለባለቤትህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ ሰኔ 22

ተገኘ! ያው ቁጥር፣ ልክ ሦስት ጥቅል! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ።

አምስት ዶላር ብዬ ጀመርኩ። ብሉሮዝ መጣ። ዐሥራ አራት አልኩ፣ ሃያ አለ። ሱቅ ቢገኝ በዐሥራ አምስት እገዛው ነበር። ግን ደሜ ፈላ። አርባ ብዬ እጄን አጣጠፍኩ። ሦስት ሰከንድ ሲቀር... አርባ አንድ።

በአንድ ዶላር! ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ለሌላው ነገር ሁሉ ሳቅሁ፣ ዛሬ ግን ከልቤ አዘንኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ሻጩን ለመንኩት። የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፣ ያሸነፈው ሰው ቢሸጥልኝ ብዬ ጻፍኩለት። ደግ ሰው ነው፣ አስፈቅዶ የብሉሮዝን ስልክ ላከልኝ። ቁጥሩን ነካሁት። ስክሪኑ ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው?

«ማንተግቦሽ ዕድር»።

ዘጋሁት። ወዲያው ደወለች።

«ጋሽ አምሳሉ፣ ደወሉልኝ?»

«እጄ ነክቶት ነው፣ እትዬ ማንተግቦሽ።»

«እ... እኔማ አንድ የክር ሰው ይደውላል ብለውኝ...»

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ስሟን እንደገና አየሁት።

«ፎርክሊፍት?» አለች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ክሩን በላስቲክ ይዛ መጣች። የማትሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ለማን ነው አለች።

«ለወንጌላዊት። እሷ ናት የምትሠራው።»

«ወንጌላዊት? እሷ መርፌ የምታውቀው ሰው ለመውጋት ነው!» ልጄ ነርስ ናት።

መታቀፊያው ሶፋው ላይ ነበር፣ ኪሮሹ እንደተሰካበት። አየችው። እጄን አየች። ከዚያ ሳቋ መጣ። ሶፋው ላይ ተዘርራ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ። «አውሮፕላኑስ?» ትልና እንደገና ትስቃለች።

ድንገት አቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሰልባጅ እንደምገዛ ግን ለሰው እንዳይነግሩብኝ» አለች። ለካ ሱቅ የምትሄደው ለመዳሰስና የክሩን ቁጥር ፎቶ ለማንሳት ነው! ከዚያ ቤቷ ገብታ ከጨረታ ትገዛለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔና እሷ ነን ስንጫረት የከረምነው። ኑሮ ተወደደ እየተባባልን። ማን አስወደደው?

እኔ ስለ ሰልባጁ ላልናገር፣ እሷ ስለ ኪሮሹ ላትናገር ተማማልን። ገንዘብ ብሰጣት እጄን መለሰችው። «ለሕፃን ነው» አለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጨረስኩ። አጥቤ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ያምራል። እኔ ነኝ የምለው፣ ሌላ ማን ሊል?

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ትናንት ክርስትናው ሆነ። ልጁ ውኃው ውስጥ ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናወጠው። ሳምባው ጤነኛ ነው።

አዳራሽ ገብተን ሴቶቹ መታቀፊያውን ከእጅ ወደ እጅ ያዞሩት ጀመር። «የማን እጅ ነው ይኼ?» ወንጌላዊት ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ዌር ዲድ ዩ ጌት ኢት?» ገዛሁት ልል አፌን ስከፍት ማንተግቦሽ ቀደመችኝ።

«የእኔ ሥራ ነው» አለች።

ልትሸፍንልኝ ነው። ገብቶኛል፣ ደግነት ነው። ግን ምርቃቱ ወረደላት! «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» «አንቺማ ባለሙያ ነሽ!» እሷም መሬት መሬት እያየች «ኧረ ምን አላት፣ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀችብኝ» ትላለች። ሁለት ሳምንት! ዓይኔ የጠፋበትን! ይኼንንም ቻልኩት። «ጠርዟ ላይ እንኳ ትንሽ ቸኩዬባታለሁ» ስትል ግን...

ጠርዙን?

«የእኔ ነው!» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔማ ለእርስዎው ብዬ...» አለች ማንተግቦሽ። ኃይለማርያም እንደጎረሰ ማላመጡን ተወው። ወንጌላዊት ልጁን እንደታቀፈች አጠገቤ መጣች።

«አንተ ነህ የሠራኸው? የት ተማርከው?»

«ከርቸሌ» አልኩ። «ሃያ ዓመቴ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ኃይለማርያም እንኳ። አርባ ሰባት ዓመት በፍርሃት የደበቅሁትን፣ በቅናት ተናገርኩት። የጀግና ነገር!

ዛሬ ጠዋት ወንጌላዊት ደወለች። ሐሙስ ልጇን ይዛ ብቻዋን ትመጣለች። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። የቱ ነው መጀመሪያው?

ነቢዩ ነው። ከጎኔ ይተኛ የነበረው ልጅ። የጥርስ ብሩሽ እጀታ ሲሚንቶ ላይ ስሎ፣ ኪሮሽ አድርጎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለእናቱ የትራስ ልብስ ጀምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ስሙ ተጠራ። «ያዝልኝ፣ መጣሁ» ብሎ ሰጠኝ።

አልመጣም። ጨርሼ በእሱ ስም ለእናቱ ላክሁላት። ልጄ ደህና ነው፣ ሥራ እንኳ ይዟል ብላ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች አሉ።

ሐሙስ ከዚህ እጀምራለሁ።