እሜቴ በጀርባዋ የተኛች ዕለት

ጎንደር፣ ሰኔ 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፤

ከተለየሁሽ ወዲህ እንዴት ነሽ? የሱዳን ሙቀት አከሳሽ ወይስ ለመድሽው? እኔ ከግራ እጄ ጣቶች በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት፤ ስምሽን ጎረቤት ፊት አታነሳም እንጂ በጸሎቷ አትረሳሽም። ደብዳቤሽን ነጋዴው አድርሶልኛል። ስለ እጮኛሽ ስለ የሻውና ስለ ሸረሪትሽ ስለ እሜቴ ጠይቀሻል። ቀላሉን ላስቀድም ብዬ ነበር፤ ግን የሁለቱ ወሬ አንድ ነው።

እሜቴን እንዳስተማርሽኝ ያዝኳት። መጀመሪያ ያ ጸጉራም እግሯ ይቀፈኝ ነበር። ክፍል ወስደሽ ስታሳያቸው ተማሪዎችሽ እንዴት እንደቻሏት እንጃ! ኋላ ግን ጠባይዋን ለየሁት፤ አንበጣ ስጥልላት በአንድ ዝላይ ትይዘዋለች፣ ስትቆጣ የፊት እግሮቿን አንስታ ጥርሷን ታሳያለች።

በሚያዝያው አሰሳ ያዳነችን እሷ ናት። አንዱ አብዮት ጠባቂ የመስታወት ሣጥኗን ሲከፍት ቀጥ ብላ ተነሳችበት። እናንተ ሰይጣን ታረባላችሁ እንዴ እያለ ወደ ኋላ ዘለለ። ከአፈሯ ሥር የቀበርሽውን፣ የጓዶችሽ ስም ያለበትን ብልቃጥ ማን ይፈልግ! እነሱ እንደወጡ ግን ብልቃጡን አወጣሁት፤ ወረቀቱን አየሁና መልሼ ቀበርኩት። አንቺ የምትልኪው ሰው እስኪመጣ አደራ ብለሽኛልና አላቃጠልኩትም።

ግንቦት ላይ መብላት አቆመች። መብላት ስታቆም ቆዳዋን ልትቀይር ነው፣ ያኔ በጀርባዋ ስትተኛ የሞተች ስለምትመስል ማንንም አታስፈራም፣ ብልቃጡን ቀድመህ አንሣው ብለሽኝ ነበር። አልረሳሁትም። ከነካኋት ትሞታለች እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተመልሰው መጡ። እሜቴ በጀርባዋ ተኝታለች፤ አሮጌው ቆዳ ተሰንጥቆ አዲሱ ገላዋ ነጭ ሆኖ ብቅ ብሏል። አለቃቸው አዳሙ የሚባል ካድሬ ነው። ይቺማ ሞታለች ብሎ ሳቀና ሣጥኑን በሳንጃ ገለበጠው። በወታደር ጫማው ረገጣት። ብልቃጡ እግሬ ሥር ድረስ ተንከባለለ።

ጣቶቼን የበሩ መቃን ላይ ዘርግተው በሰደፍ ቀጠቀጧቸው። የማን ጽሕፈት ነው ሲሉኝ ያንቺ ነው አልኩ፤ አንቺ ርቀሻል ብዬ ነው። ስሙን ከወረቀቱ አግኝተው የሻውን እየጎተቱ አምጥተው የፊት ጥርሶቹን እዚያው አረገፏቸው። በደም በተሞላው አፉ አይዞህ አለኝ። እኔን!

አዳሙ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፤ አምስት ስም። የታችኛው ጠርዙ በመቀስ መቆረጡን አላስተዋለም። ያንተ የለም፣ አንተ ሸረሪት ጠባቂ ብቻ ነህ ብሎ ለቀቀኝ። በማግሥቱ አምስቱንም ቀሐ ወንዝ ዳር ረሽነው ደረታቸው ላይ ወረቀት ለጠፉባቸው። የየሻው እናት እንዳታለቅስ ጠመንጃ ተደግኖባት ልጇን ከሩቅ አየችው። እኔም ከሰዉ መሐል ቆሜ ነበር፤ እኔም አላለቀስኩም።

እታለሜ፣ እመቤታችን በሰው አገር ትከልልሽ፤ የሚያዝንልሽ ሰው አታሳጣሽ። ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

ከየሻው ቀጥለሽ ስድስተኛ አድርገሽ የጻፍሽኝ፣
ታናሽ ወንድምሽ