የዲራው ማር

ሙሄዋ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን ከርመሃል ይባል የለ? የአንተን መልስ ግን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፣ እሱ ይዘንልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ምግቤን እበላለሁ፣ ሥራም እሄዳለሁ።

ሸርጃ ያለችው ክፍላችን እንዳለች ናት። አልጋው ላይ በአንተ በኩል የታጠበ ልብስ አጥፌ እደረድራለሁ፤ ባዶውን ማየት ስለማልወድ ነው። ማዳም ልጇን ድራ ቤቱ ጭር ብሎባታል፣ አሁን እኔን ማጫወት ጀምራለች። ዱባይ ዲራ ገበያ ስወርድ፣ ቦንዳቸውን ታስርላቸው የነበሩት፣ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልኩት ነጋዴዎቻችን እስከ ዛሬ ስምህን ያነሳሉ። እንደ ሙሄ ገመድ የሚያስር ሰው ጠፋ ይላሉ። ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ምስጢርህን ስላወጣሁ ነው። ለመቆጣት አትቸኩል፣ መጀመሪያ እስክጨርስ ስማኝ።

ስልሳን ካለፍክ በኋላ፣ ያ ቦንዳውን ብቻህን የምታነሳው ሰውዬ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ማለት አበዛህ። ክንድህ ሲሳሳ ሆድህ ቀድሞህ መሄድ ጀመረ። ከመግሪብ በኋላ እንደተቀመጥክ እንቅልፍ ይወስድሃል። አልጋ ላይ ደግሞ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተኛለህ። እኔ ሞኟ አርጅቼበት ነው ብዬ ፀጉሬን ሂና ቀባሁ። አንተ ደግሞ ዲራ ካለ የመድኃኒት ቅጠል ሻጭ ያንን ማር ገዝተህ መጣህ። ለሳል ነው አልከኝ፤ አንድም ቀን ስታስል ሳልሰማ! ለካ ሻጩ ወንድን ወደ ጎረምሳነቱ ይመልሳል ብሎ ምሎልህ ኖሯል። ጧት በማንኪያ፣ ማታ በማንኪያ፣ ቴምሩም አብሮ። ውሃ ጥሙ ሲበረታብህ ሙቀቱ ነው አልን፤ በዚህ አገር ውሃ የማይጠማው ማን አለ?

ክሊኒክ የሄድነው እግርህ ሲደነዝዝ ነው። ሱዳናዊው ሐኪም ደምህን አይቶ ረጋ ብሎ አስረዳን። ወንድ ዕድሜው ሲገፋ የወንድነት ሆርሞኑ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በጣም የሚያንስባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል አለን። ሆድ ሲገፋ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ሆርሞኑ ሲወርድም ሆድ ይገፋል፤ በአንተ ላይ የትኛው እንደቀደመ ግን መናገር አልችልም አለ። ስኳሩም የሆርሞኑ ማነስም ነበረብህ። ስለ ማሩ ስትነግረው ግንባሩን ያዘ። በስኳር ላይ ስኳር ስትጨምር ነበር የከረምከው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዘህ፣ ስኳሩን ተናገሪ፣ ያኛውን ግን ለማንም፣ ለወንድሜ ለሰይድም ቢሆን እንዳትነግሪ አልከኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩህ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለእኔ ሁለተኛ ሙሽርነት ነበሩ። ማሩን ተውክ፣ ኪኒንህን ዋጥክ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ቡሃይራ ዳር ውሃውን እያየን እንራመድ ነበር። ሳናወራው የኖርነውን ሁሉ አወራን። ምን ያደርጋል፣ ስኳሩ ልብህን አስቀድሞ ነክቶት ኖሯል።

ዱባይ ማሪና ሕንፃ የሚጠብቀው ታናሽ ወንድምህ ሰይድ ዛሬም ዓርብ ዓርብ ከአጅማን እየመጣ ምሳ ከእኔ ጋር ይበላል። ባለፈው ወር ሩዙን ሳይጨርስ ተቀምጦ አንቀላፋ። ቀበቶው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሷል። ሲነቃ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጨልጦ ከቦርሳው ማር አወጣ። ያው ማር፣ ያው ክዳን። ለሳል ነው አለኝ። ወላሂ ክው አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ከአንተ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ቃል ሰጥቼሃለሁ፤ ሰይድ ደግሞ እስከ ዛሬ በአንተ ጉልበት ይምላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ የሟች ባሏን በሽታ የደበቀችስ? አንተን ላሳፍር ወይስ እሱን ልቅበር? ዓርብ ሲመጣ ምሳውን ሳላቀርብ ሁሉን ነገርኩት፤ ድካምህን፣ ግድግዳውን፣ ማሩን፣ ሐኪሙ ያለውን። እሱ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ እንዲህ አለኝ።

«እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ እቴ።»

ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በሳምንቱ ተመረመረ። እሱም ሁለቱም አለበት። ግን በጊዜ መጥተሃል ብሎታል ሐኪሙ፤ ሆዱን ካጎደለና መድኃኒቱን በወጉ ከወሰደ ልቡን ሊያተርፍ ይችላል። አሁን ዓርብ ወደ ማታ ያላ ተነስ እለዋለሁ፣ እያጉረመረመ ቡሃይራ ድረስ ይከተለኛል። አረማመዱ ቁርጥ አንተን ነው። ማሩን እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ፤ የእውነት ለሚያስላት ጎረቤታችን ሰጠሁት።

ተቀይመኸኝ ከሆነ አውፍ በለኝ። እንዳልረሳህ ግን ቃል እገባልሃለሁ፣ ይህኛውን አላፈርሰውም። ሰዎቹ ለሰደቃህ ሲሰበሰቡ ቦንዳ ያነሳ የነበረውን ሙሄ ያውሩት፤ እሱን ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ለእኔ ሲል ማር በማንኪያ የዋጠውን፣ አፍሮ ወደ ግድግዳ የዞረውን ነው። ያን ጀርባ እያየሁ ስንት ሌሊት ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ጀርባህንም እወደው ነበር፣ ሙሄዋ።

ያንተዋ ዘይነባ