ከምስማር መምቻው ላይ የፈታሁት ሽቦ

ግሪጎሬ፣

ለዓይኔ ሕክምና ሲጌት ከተማ ሄጃለሁ። ማታ እመለሳለሁ።

ሥራው እንዲፈጥንልህ ብለህ በአየር የሚሠራውን የምስማር መምቻ አፍ ያሰርክበትን ሽቦ ፈትቼዋለሁ። አፉ ጣውላው ላይ ካልተጫነ ምስማር መትፋት የለበትም። እንዲያ አድርገው የሠሩት ለእግርህ ብለው ነው።

የአየሩንም ግፊት ቀንሼዋለሁ፤ ትናንት ምስማሩ ጣውላውን ይሰነጥቅ ነበር። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክረው። ምስማር ከተቀረቀረበት የአየር ቱቦውን ሳትነቅል አትንካው። ጣሪያው ላይ ስትራመድ ጣትህ ቃታው ላይ አይሁን።

ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ሆነህ፣ «አባባ፣ እርስዎ በመዶሻ አንዷን ምስማር እስኪመቱ እኔ ይሄን ጎን እጨርሰዋለሁ» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ። ጣሪያው ለበዓሏ ባይደርስ ማርያም አትቆጣም።

ትናንት መሰላሉን ከጣሪያው ሥር የወሰድኩብህ ስለ ሳቁ አልነበረም። ሽቦውን አይቼ ነው።
መሰላሉን መልሼ ቦታው አቁሜዋለሁ።

ልጄ፣ ሚስትህ፣ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የቀረነው እኔና አንተ ነን።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። የኔን አስቀርልኝ።

የፈታሁት ሽቦ ኪሴ ውስጥ ነው። ጓዳ ውስጥ ሌላ ሽቦ ሞልቷል።
እሱን አልደበቅኩትም።

ጋቭሪል