የማሽኑ ቆጠራ

ማክሰኞ
አገኘኋት! ጥቁሯ በግ ጓሳው ሜዳ ዳር ጉም ውስጥ ጠፍታ ነበር። ስልኬ ላይ ያለችውን ነጥብ እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ቋጥኝ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። በደስታ ጮህኩ። በጎችን የሚያጠናው ፕሮጀክት ልጆች በጎቻችን አንገት ላይ ያሰሩት ሴንሰር የት እንዳሉም፣ ስንት እንደሆኑም ለእኔና ለአባባ ስልክ ይልካል። አባባ "በጎቹም ማተብ አሰሩ" እያሉ ሲያሾፉ ከርመው፣ ዛሬ የጥቁሯን ማተብ ሳሙት።

ረቡዕ
ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ አንዲት ሴት፣ "ሠላሳ አራት በግ አላችሁ አሉ፤ ይባርክላችሁ" አለችኝ። ክው አልኩ። አባባ የበጎቻቸውን ቁጥር ለእኔ እንኳ በአፋቸው ነግረውኝ አያውቁም። የጠየቃቸው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ "እግዜር የሰጠን ያህል" ነው። ቁጥር ከአፍ ከወጣ በረከት ይሸሻል ይላሉ። ለካ ሰንበቴ ላይ ስልኩን ለሰው ሁሉ ሲያሳዩ ውለዋል!
"አባባ፣ ምነው ቁጥሩን አወጡት?"
"እኔ መች ቆጠርኩ? የቆጠረው ማሽኑ ነው።"
ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። የይለፍ ቃሉንም ለጠየቃቸው ሁሉ ነግረዋል። ሰው ሲጠይቅ መደበቅ ነውር ነው አሉኝ።

ሐሙስ
ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ በሦስተኛ ስልክ ተከፍቷል። ማን? አምና የጎረቤታችን የእትዬ አበበች በጎች ከበረት ተነድተው እንደወጡ ቀሩ። ያኔ ሌባው ፈልጎ ነው ያገኛቸው፤ እኛ ግን ካርታውን ከነቁጥሩ ሰጥተነዋል።
የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። "ከሁሉም ስልክ ውጣ" የሚለውን ተጫንኩ። ሠራ! ብቻዬን ዘለልኩ። የአባባም ስልክ አብሮ ተዘጋና፣ "በጎቼ ከስልኬ ጠፉ" እያሉ አኮረፉ። አዲሱን ቃል አልነገርኳቸውም። አልነግርምም።
መሐል ሜዳ ላለው የፕሮጀክቱ ልጅ ለዳዊት ደወልኩ። ይባስ ብሎ፣ ሴንሰር የወሰድነው የአምስታችን ቤት ስምና ካርታ በጋራ ገጻቸው ላይ ለተመዘገበ ሁሉ ይታያል አለኝ።
"ለጥናት እኮ ነው።"
"ለሌባም ነው" ብዬ ዘጋሁበት።

ዓርብ
አራቱንም ቤት አዳረስኩ፤ እግሬ አልቋል። እትዬ አበበች ከሁሉ በላይ ደነገጡ። "በይ ነገ ዛሬ ሳንል ማተቡን ፈትተን እንጣልላቸው!" አሉ። ጥቁሯን ያገኘሁት በዚያው ማተብ አይደል? "ማተቡ ምን አጠፋ፣ እትዬ? ወሬውን ነው ማሰር" አልኳቸው። እስከ እሑድ ሊታገሱኝ ተስማሙ። ዳዊት እምቢ ቢልስ?

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ አምስታችንም ደውዬ ያስመጣሁትን ዳዊትን ከበብነው። ስማችን ከገጹ ይሰረዝ። ቁጥሩ አይታይ። ካርታውን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይይ። ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁን። ዳዊት ጭንቅላቱን አከከ፣ አለቃው ዘንድ ደወለ፣ ራቅ ብሎ ተከራከረ። እትዬ አበበች መቀስ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አሳዩት። ተመልሶ መጣና ዓይናችን እያየ ላፕቶፑ ላይ አንድ በአንድ ዘጋው። እትዬ አበበች እልል አሉ! እኔም እንባዬ መጣ።
ሦስተኛው ስልክ የማን እንደሆነ ግን ዳዊትም ማወቅ አልቻለም።
ማታ ጥቁሯ መንታ ወለደች። አባባ ለሦስት ቀን ካኮረፉበት ጥግ ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ።
"ለመሆኑ፣ አሁን ስንት ሆኑ?"
"እግዜር የሰጠን ያህል፣ አባባ።"
ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ዱላቸውን ይዘው ወጡና የበረቱን መዝጊያ ፈተሹ።