የጉድጓዱ ቢምቢ

መስከረም 24፣ ጠዋት
መስኮት ዘጋሁ። ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁ። ማስታወሻዬ፣ ዘንድሮ ቢምቢ ኮተቤን ወረሳት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንኳ አልገደለውም። ከግቢዬ ጀርባ ለሕንፃ መሠረት ቆፍረው ትተውት ሄዱ፤ ክረምቱ ሞላው። ከዚያ ነው የሚፈላው። ባለ ሕንፃውን ማን ይናገረዋል? ድሃ ይነከስ።

መስከረም 25
ከጋራዥ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ለምኜ መጣሁ። ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የቢምቢው እጭ ታፍኖ ያልቃል። ተከራዬ ሰላም አየችኝ። ባዮሎጂ ትማራለች። ይተዉት እማማ፣ እንቁራሪቱም ወፉም እሱን በልቶ ነው የሚያድር አለችኝ።
«ለቢምቢም ጠበቃ ቆምሽለት? ስንት ከፈለሽ?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

መስከረም 27
ለሰላም ነገርኳት። አንድ ልጄ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለብኝ። እዚያው ቀበሩት። ቆላውን ፈርቼ መቃብሩን አላየሁም።  እሷም የዚህ የብርድ አገር ቢምቢ ብዙውን ጊዜ ወባ አያስተላልፍም አለች። ወንዱ ጭራሽ አይነክስም፤ የአበባ ወለላ ይመጥጣል። ደም የምትሻው ሴቷ ናት፣ ለእንቁላሏ።
ለልጆቿ ብላ የእኔን ልጅ! ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ ወዲያ ነው፤ ይህን ትምህርት ግን ባልሰማሁት።

መስከረም 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ጀሪካኑን ይዤ ጉድጓዱ ዳር ቆሜ ነበር። ክዳኑን ከፍቻለሁ። ጥቋቁር ወፎች ውሃውን እየታከኩ ቢምቢ ይለቅማሉ። ቢምቢ ባይኖር ምን ይበላሉ? ይራቡ! አልኩ። እጄ ግን አልታዘዘኝም።
ባላገር ሳለን ገዳይ ሲሸሽ ወንድሙን ይገድሉ ነበር። ደም መለስን ይላሉ። ነውር ነው እል ነበር፣ ልጅ ሆኜ እንኳ። የልጄ ገዳይ ቆላ ነው ያለው። እኔ እዚህ ዘመዱን ልፈጅ?
ክዳኑን ገጠምኩ። ተናድጄ።

መስከረም 30፣ ማታ
ዘይቱን ለጋራዡ መለስኩ። ጠብሰውበት ነው እንዴ እማማ የሚመልሱት? ብለው ሳቁብኝ። ባለጌዎች።
ቢምቢው አሁንም ይነክሰኛል። ይንከስ። መገናኛ ሄጄ አጎበር ገዛሁ፤ ለዚህ ቤት አይደለም። ሐሙስ ቆላ እወርዳለሁ፣ ልጄ ዘንድ። ብሞትም ልሙት።
ሰላም አብሬዎት ልሂድ አለች። ትምህርትሽን ተማሪ፣ ማን ጠራሽ ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። በሯ ገርበብ ብሏል፤ አልተኛችም። ልነሳና አብረሽኝ ነይ ልበላት።