የአቶ ዛዶ ደረሰኞች

ሎክስተን፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ጁን 12 ቀን 1994

ውዷ ልጄ ቲሊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዝናቡ የተራራውን መንገድ ሳይቆርጠው እጅሽ እንዲገባ እየጸለይኩ ነው። ከክሊኒኩ በር ላይ የተነሣሽው ፎቶ ደርሶኛል። ከስተሻል። «ፎቶው ነው እንጂ አልከሳሁም» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የወለድኩሽ ነኝ፣ አታታልዪኝም። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ከአምናው ይሻላል። ስንዴው ተዘርቶ ሁለት ጥሩ ዝናብ አግኝቷል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ብርቱ ነው፤ ቢሆንም ዘንድሮ ብርዱ እምብዛም አልተሰማኝም።

በማርች ወር የወር መደገፊያሽ ለምን እንደቀረ ጠይቀሽኝ ነበር። ስልክ ላይ ያልነገርኩሽ፣ የሰው ስም ያለበት ነገር በሚቆራረጥ ስልክ ስለማይወራ ነው። አሁን ነገሩ ስላለቀ ከሥሩ ልንገርሽ።

አቶ ኤርዊን ዛዶን መቼም አትረሺያቸውም። ልጅ ሳለሽ በሚሲዮን በዓል ቀን አንቺንና ጓደኞችሽን በትራክተር ያዞሯችሁ የነበሩት ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። የጉባኤያችን የሚሲዮን ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው፤ ላንቺ የምናዋጣውን ይሰበስባሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ ለከተማው ቢሮ ይልካሉ። ሁለት ጥራዝ ደረሰኝ አላቸው። ሰማያዊው ለሚሲዮናውያን ኑሮ ነው። አረንጓዴው ለክሊኒኩ መድኃኒትና ለውኃ ጉድጓዱ ነው። መንግሥት ከግብራችን የሚቀንስልን የአረንጓዴውን ብቻ ነው። ለመድኃኒት የሰጠ ይቀነስለታል፣ መድኃኒቱን ለምትሰጠው ነርስ ቀለብ የሰጠ ግን አይቀነስለትም። ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ታዲያ አምና ሰማያዊው ጥራዝ አለቀባቸው። አዲስ እስኪመጣ ብለው በአረንጓዴው ቆረጡ፣ ከዚያም በዚያው ቀጠሉ። «የጌታ ሥራ አንድ ነው፤ ቀለም ምን ያደርጋል ብዬ ነው» አሉኝ ኋላ። እኛም እያንዳንዳችን አረንጓዴ ደረሰኛችንን ይዘን ግብራችንን አስቀነስን። ማንም አላወቀም።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ የሚሲዮኑ ቢሮ ሒሳብ ሲመረምር ደረሰበት። ደብዳቤ መጣ። ደረሰኞቹ ሁሉ ተሰብስበው በሰማያዊ ይቀየሩ፤ ሰውም ያለ አግባብ የተቀነሰለትን ለግብር መሥሪያ ቤት አሳውቆ ይክፈል፤ ጉዳዩ እስኪጠራ ከጉባኤያችን የሚሄደው ገንዘብ ይቆይ ይላል። የቆየው ያንቺ ነበር።

አቶ ዛዶ ደብዳቤውን ይዘው በኩሽናው በር መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ አዴላ፣ ልጅዎን ያለ ቀለብ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ይግቡ እንጂ፤ በር ላይ ቆመው አይናዘዙ» አልኳቸው።

ገብተው ተቀመጡ፤ ሻዩን ግን አልነኩትም። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። እሳቸው መስኮቱን እያዩ፣ «ትራክተሯን እሸጣለሁ። እያንዳንዱ ሰው ለግብር መሥሪያ ቤት የሚመልሰውን እኔ እከፍላለሁ። ከዚያ ጥራዞቹን አስረክባለሁ» አሉ።

«ለማን ነው የሚያስረክቡት?»

«ማንበብ ለሚችል ሰው።»

ያቺ ትራክተር ከአባታቸው የወረሷት ናት፤ ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዷት እሷን ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።  የቀዘቀዘ ሻያቸውን ደፍቼ ትኩስ ቀዳሁላቸው።

በማግስቱ ሥጋ ቤት ተራ ስጠብቅ ዘልማ ከፊቴ ነበረች። ዘልማን ታውቂያታለሽ፤ ወሬ በሷ በኩል ካላለፈ ሰፈር አይገባም። ለባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «ማር የቆረጠ እጁን ሳይልስ አይቀርም» አለቻት።

ቲሊዬ፣ ደሜ ፈላ። «ዘልማ፣ ከልምድ ነው የምትናገሪው?» አልኳት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷ እንደ ቲማቲም ቀላች፣ እኔም ከንዴቴ የተነሣ ልገዛ የመጣሁትን ቋሊማ ሳልገዛ ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ለአቶ ዛዶ ደወልኩ።

«ነገ ጠዋት ፒክአፑን ይዘው ይምጡ። ቤት ለቤት ሄደን ደረሰኞቹን እንሰበስባለን። እርስዎ ያስረዳሉ፣ እኔ ኬክ እይዛለሁ።»

«ኬኩ ለምንድን ነው?»

«የሚያኝክ ሰው አይሳደብም።»

የመጀመሪያው ቤት ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተው መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ። «አልችልም» አሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው፣ በዚህ አገር ተወልዶ ያደገ፣ የሰው ሳንቲም ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ከጎረቤቱ በር ፊት እንዲህ ሲፈራ ማየት ከባድ ነው። አላባበልኳቸውም። ኬኩን ይዤ ወርጄ ወደ በሩ መራመድ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ቀለለ። በየበሩ የሚሉት አንድ ነበር፤ «ስህተቱ የኔ ነው፣ ገንዘቡ አልጠፋም፣ ደረሰኙ ይኸውና ተቀይሯል።» አብዛኛው ሰው ኬኩን እየበላ፣ «አንተ ኤርዊን፣ ለዚህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ይላቸዋል። ሽማግሌው ኦስካር ደግሞ ደረሰኞቹን ከመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ምልክት አድርጎ ሰክቷቸው አገኘናቸው። «ከግብር? እኔ ለጌታ የሰጠሁትን ለመንግሥት ምን ብዬ አወራለሁ?» ብሎ ተቆጣ። ምልክቶቹ ሲወጡ የሚወዳቸው መዝሙሮች እንዳይጠፉበት በጋዜጣ ቅዳጅ ተካንለት፤ ይህም አልበቃውም፣ አንዱን ካልዘመርን አንወጣም አለ። ዘመርን። አቶ ዛዶ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር፤ ለካ በቤተ ክርስቲያን ሁሌም ከኋላ ስለሚቀመጡ ነው።

ሁለት ሳምንት በዚያ ፒክአፕ ዞርን። በዚያ ሁሉ አቧራማ መንገድ ላይ «አቶ ዛዶ፣ አቶ ዛዶ» ማለት ይሰለቻል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ኤርዊን ብለው አትገረሚ። እሱም እኔን «ወይዘሮ» ማለቱን ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የተወው።

ዘልማ ቤት መጨረሻ ሄድን። በሩን በግማሽ ከፍታ፣ «ደረሰኜን አልመልስም! የተቀነሰልኝንም በልቼዋለሁ» አለች።

ኤርዊን ባርኔጣውን አወለቀ። «ዘልማ፣ ስለ እጄ ያልሽውን ሰምቻለሁ። መዝገቡ መኪናው ውስጥ አለ። ከፈለግሽ እዚሁ ተቀምጠን ከመጀመሪያው ገጽ እንየው፤ እኔ ጊዜ አለኝ» አላት። ቁጣ የለበትም። እንዲያው እንደ ጎረቤት ነው የተናገረው።

ዘልማ መሬት መሬት አየች። ባሏ ኤዋልድ ከውስጥ፣ «ስጪው እንጂ ሴትዮ! ከግብር ይቀነስልኛል ብለሽ ነው ለቲሊ የሰጠሻት?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ዝም በል፤ ካልሲህን ፈልግ!» አለችው። ግን ሄዳ ደረሰኙን አመጣች። ስትሰጠው፣ «ኤርዊን፣ አፌ ነው» አለች። ይህም ለሷ ትልቅ ነገር ነው። ኬኩንም ወስዳ፣ «ቅቤው አንሷል» አለችኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

በእሑዱ ከአምልኮ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ኤርዊን ተነሥቶ ነገሩን ሁሉ ተናገረ፤ ስለ ትራክተሯም፣ ጥራዞቹን ስለ ማስረከቡም። ጥራዞቹንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልቤ እንዴት እንደመታ አልነግርሽም። በመጨረሻ ኤዋልድ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ትራክተሯን ከሸጥካት በበዓል ቀን ልጆቹን በምን ልታዞራቸው ነው? በጀርባህ?» አለ። ሳቅ ሆነ። ቀጥሎም አንዱ ተነሥቶ፣ «ግብሩ የኔ ነው፣ የኔን ግብር ማንም አይከፍልልኝም» አለ፤ ሌላውም እንዲሁ፣ ሌላውም። ማንም ከኤርዊን ሳንቲም አልተቀበለም። ማንም ደግሞ ላንቺ የሚሰጠውን አልቀነሰም፤ ከግብር ባይቀነስም። የማርችና የኤፕሪል ገንዘብሽ አንድ ላይ የደረሰሽ ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ዘልማ እጇን አወጣች። «ገንዘብ ያዡ ይቀጥል። ግን እያንዳንዱን ደረሰኝ ወይዘሮ አዴላ ትመልከትለት። መቼም መንገዱን ለምደውታል» አለች። ሴቶቹ በሙሉ ወደኔ ዞሩ። ፓስተሩ ሳይቀር ሳል ያዘው። በእጅ ማውጣት ጸደቀ፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ስለዚህ አሁን ኤርዊን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ደረሰኞቹን እናያለን፤ ሥራው ብዙ አይደለም፣ ሻዩ ነው የሚረዝመው። የጓሮውን በር ማጠፊያ ሠርቶልኛል፤ አባትሽ ካረፈ ጀምሮ ያቃስት የነበረውን። ባለፈው እሑድ የአባትሽን መቃብር ሳርም ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ዝም አለ። ድሮም ሲስማማ ዝም ነው የሚለው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በሜይ ወር ለክሊኒኩ አንዳንድ ነገር እንስጥ ብለን ኤርዊንም ከመንጋው ሙክቶች ለየ፣ እኔም ለየሁ። ሁለት ጭነት ከምንከፍል ብለን ባንድ መኪና ጫንናቸው፤ ገበያ ላይም ተቀላቅለው ባንድ ዋጋ ተሸጡ። ዋጋው መልካም ነበር፤ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ እንደምትገዙበት ተስፋ አደርጋለሁ። ቼኩን በቀጥታ ለከተማው ቢሮ ላክን፣ አብሮትም ባንድ ወረቀት ላይ «ከኤርዊንና ከአዴላ» ብለን ፈረምን። ሌላ ምን እንጻፍ?

ባለፈው ሐሙስ ደረሰኙ በፖስታ መጣ። አረንጓዴ ነው፣ ቀኑ ትክክል፣ ገንዘቡ ትክክል። ስሙ ላይ ግን እንደ ባልና ሚስት «አቶና ወይዘሮ ኤርዊን ዛዶ» ይላል።

ደረሰኝ መመልከት ሥራዬ አይደል? ወዲያው ለቢሮው ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ የኛ ስህተት ነው። አሁኑኑ አስተካክዬ ልላክልዎ?» አለችኝ።

ኤርዊን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ስኳሩን እያማሰለ ነበር። እሱ ስኳር አይጠቀምም። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አዴላ፣ የተሳሳተ ደረሰኝ የሚታረመው እኮ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ወረቀቱን መለወጥ ነው» አለ።

«ሁለተኛውስ?» አልኩት።

«ሁለተኛውን ታውቂዋለሽ» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ በጎቹ ውኃ መጠጣታቸውን ሊያይ ወጣ። በጎቹ እንኳ የኔ ናቸው፣ ጠዋት አጠጥቻቸዋለሁ።

ልጅቷ ስልኩ ላይ እየጠበቀች ነበር። «ቆይ የኔ ልጅ፣ ለጊዜው ተዪው፤ እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ» አልኳት።

ደረሰኙ መሳቢያው ውስጥ ነው። የግብር ዓመቱ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል፤ መልስሽ ከዚያ በፊት እንደማይደርስ አውቃለሁ፣ ግድ የለም፣ ይህኛው አይቸኩልም። አንቺ ይታረም ካልሽ ያንኑ ቀን እደውላለሁ። እውነቴን ነው። ብቻ ዓይንሽ ያየውን ሳይሆን ልብሽ ያለውን ጻፊልኝ።

ምግብ ብዪ። ውኃ አፍልተሽ ጠጪ። በሽተኞችሽን የሚፈውስ ጌታ አንቺንም ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ያድርቅልሽ፤ በዲሴምበር ለዕረፍት ስትመጪ በደህና ያግባሽ። አውሮፕላን ጣቢያ ሁለት ሆነን እንጠብቅሽ ይሆናል፤ ፒክአፑ ለሦስት ይበቃል።

የምትወድሽ እናትሽ
አዴላ